ያልታጠበው ቅል

ካርቱም፣ ጀብራ
ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሉጥፊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ከረሙ? ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ የባቲ ገበያስ ደህና ነው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስለ እማዬ ወደ ታች እጽፋለሁ።

«ሬሕማ ስልክ ላይ የማታናግረኝ ለምንድን ነው?» ብለው እማዬን ጠይቀዋታል። ኩራት አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። እማዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ፍራሹ መሐል ታስቀምጠዋለች፤ የምናገረውን እሷም፣ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶችም ይሰሙታል። ደግሞ ሰው እየሰማኝ ስናገር ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። በጽሑፍ ግን እችላለሁ። እዚህ ባለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ዐማራት ሰፈር እማዬ የምትሠራበት ቤት አብሬአት እየሄድኩ አጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ። ፊደሌ ቢያስጠላ አይሳቁብኝ። ደብዳቤውን ሳሊህ ያመጣልዎታል። እስከ ገላባት ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ከመተማ ወዲያ የሚያደርሰውን ሰው እሱ ያውቃል።

የእማዬ እብጠት ምን ያህላል ብለው ለጠየቁት፣ አላየሁትም። እማዬ ልብሷን የምትቀይረው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ሙስተሽፋ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ግን አብሬአት ገብቼ ነበር፤ እማዬ የወጥ ቤት ዓረብኛ እንጂ የሐኪም ዓረብኛ አታውቅምና። ግራ ጡቷ ላይ ነው። ዶክቶራዋ ስሙን በግልጽ ተናግራለች፤ እማዬ ግን እቤት እንዳይጠራ ስለከለከለችኝ «ያ ነገር» ነው የምንለው። መጀመሪያ ኪማዊ የሚሉትን በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ትወስዳለች፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል፣ ቶሎ ከጀመረች ተስፋ አላት ተብሏል።

አልጀምርም አለች። «እናቴ በእርጎ የዳነችውን እኔ ምን ሆኜ ነው መርዝ የምወጋው?» ትላለች።

ይባስ ብሎ የአሠሪዋ የሐጃ ልጅ ሂሻም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው፣ አንድ ቀን ከስልኩ አነበበላት። የረጋ ወተት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች አሉ፤ እነሱ የሰውነትን ወታደሮች ቀስቅሰው ጡት ላይ ያለውን እጢ እንዲዋጉ ያደርጋሉ ይላል። እማዬ ሰሃኑን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመችና «ሰማሽ? ሳይንስ እናቴ የደረሰችበት ገና ዛሬ ደረሰ!» አለችኝ።

እኔም ማመን እፈልጋለሁ። ስለዚህ አያቴ የጠጣችው እርጎ እንዴት እንደሚረጋ ይጻፉልኝ። ምን ያህል ጊዜ ጠጥታው እብጠቱ እንደጠፋም ይጻፉልኝ። ይህን ጥያቄ በስልክ እንዳይመልሱልኝ፤ እማዬ ትሰማለች።

የእህትዎ ልጅ ሬሕማ


ባቲ አጠገብ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2015

ለልጄ ለሬሕማ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም፣ የኔ ዓይናፋር። ፊደልሽ ከኔ ይሻላል። እኔ የጻፍኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርኩት ነው፤ ካጣመምኩ አንቺው አቅኚው።

ሳሊህ የሚያደርስልሽ ቅል የእናታችን ነው። ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ። በወይራ አጥኜ፣ እርጎ አርግቼበት፣ እርጎውን ገልብጬ ጭላጩን እንዳለ ከድኜዋለሁ። ጭላጩ ላይ አዲስ ወተት ጨምሪበት፤ ራሱ ያረጋዋል። አደራሽን፣ ቅሉ እንዳይታጠብ። ሳሙና የነካው ቅል የሞተ ቅል ነው።

ስንት ጊዜ ጠጣች ላልሽው፣ ወተት እንደ እንክብል አይቆጠርም። ጠጣች። በመጨረሻው ጊዜ ከወተት በቀር ወደ አፏ ያስገባችው የለም። አገሩ ሁሉ ስለ እናታችን «ሐዋን እርጎ አኖራት» ይል ነበር።

እናትሽ ፊቷ አይጥቆር። አብሽሪ በያት። ሐኪሙንም ወተቱንም የፈጠረው አንድ አላህ ነው። ሰው የሚሞተው ተስፋው ሲሞት ነው።

የሚቀረውን ሰኞ ገበያ ስወጣ በስልክ እነግራታለሁ።

አክስትሽ ሉጥፊያ


ጀብራ
ታኅሣሥ 29 ቀን 2015

ለአክስቴ ለሉጥፊያ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቅሉ ደርሷል። አልተሰበረም። እማዬ አፉን ስማ አለቀሰች፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ብዙ ቆየች። «የእናቴ ቤት ነው የሚሸተኝ» አለች። ያን ቀን ዕድሜዋ የቀነሰ መስሎኝ እኔም ደስ አለኝ።

አሁን ግን ደስ አይለኝም። ጠዋት ከቅሉ ትጠጣለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ገሪስ የሚሉትን፣ በቆዳ ስልቻ የሚረጋውን የግመል ወተት፣ ገዝታ ትጠጣለች። ኪማዊ የምትጀምርበት ቀን አለፈ። ዶክቶራዋ ደወለች፤ እማዬ ስልኩን ለእኔ ወርውራ «የለችም በያት» አለችኝ። እኔ መዋሸት ስለማልችል ዘጋሁት። እሱም ውሸት ነው።

ሂሻምን ሄጄ ያናገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ጠበቅኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ከአፌ ሰምቶ ስለማያውቅ «ያ ሬሕማ! አንቺ ትናገሪያለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ያን ያነበብክላትን ወተት የጠጡት እነማን ናቸው?» አልኩት።

«አይጦች ናቸው።»

«እናቴ አይጥ ናት?»

ሊስቅ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። «ወላሂ ሬሕማ፣ ጥናቱ ገና የአይጥ ነው። የጠጡትም እጢው ወደ ሰውነታቸው ሳይገባ በፊት ነው። አዘገየው ይላል እንጂ አጠፋው አይልም። ሐኪም ተዪ አላልኳትም።»

«እንግዲያው ይህንን ንገራት!»

«ነገርኳት እኮ። “አንተ ያየኸው አይጥ ነው፤ እኔ የማወራህ ስለ እናቴ ነው” አለችኝ። ምን ልበላት?»

እሷ የምትሟገተው በጥናት አይደለም፤ በአያቴ ነው። ዶክቶራዋ ደግሞ በኋላ ሄጄ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፤ እርጎ ምግብ ነው፣ ጠላት አይደለም፣ ግን ያ ነገር ላይ ብቻውን አይዘምትም። መድኃኒቱ ሲጀመር ደግሞ የሰውነት ወታደሮች ስለሚያንሱ ሳይፈላ የረጋ ወተት፣ በተለይ የስልቻው፣ ሊጥላት ይችላል። እሷ እንደ ሂሻም አልሳቀችብኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። አያቴ በዳነች ጊዜ ጡቷ እንደ ድሮው ሆነ? ጠባሳ ቀረበት? እርስዎ አብረዋት ነበሩ። እማዬ አልነበረችም፣ እኔም አልነበርኩም። ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሬሕማ


ባቲ አጠገብ
ጥር 16 ቀን 2015

ለሬሕማ፣

ሕፃን ልጅ የአያቷን ጡት አትጠይቅም። ካርቱም ያሳደገሽ እንደዚህ ከሆነ እናትሽን ታዘብኳት።

ያጠበች ሴት ያየችውን አትናገርም። ሬሳ አማና ነው፣ አደራ ነው። ውኃው ሲፈስ ነገሩም አብሮ ይፈሳል፤ እኛ እንደዚያ ነው የተማርነው። እናታችን በወባ ሞተች ተብሏል። ወባ ነው።

ለእናትሽ ለዛሂራ የሚበጃት ልቧ ሲያርፍ ነው። አንቺ ወተቱን አርጊ፣ ዝም በይ። ዝምታ እንደሆነ ድሮም ታውቂበታለሽ።

ሉጥፊያ


ጀብራ
የካቲት 4 ቀን 2015

ሉጥፊያ፣

ሰላም አልልሽም። ከዛሬ ጀምሮ አንቱም አልልሽም።

ስለ ማጠብ ማን ጠየቀሽ? እኔ የጠየቅኩት በሕይወት ስላለች ሴት ጡት ነበር፤ ድና እንደሆነ ነበር። አንቺ ስለ ሬሳ መለስሽልኝ። ደብዳቤሽን ከዚሩ ጀርባ፣ ከውኃ ማሰሮው ማለቴ ነው፣ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። በወባ ሞተች አላልሽም። «ተብሏል» ነው ያልሽው። ማን አለ? አንቺ ነሻ!

መርዶው የመጣ ቀን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የጀብራ ሴቶች በጠዋት ተሰብስበው መጡ። እማዬ እንግዳ የመጣላት መስሏት እየሳቀች ምንጣፍ ታነጥፍ ነበር። ሁሉም ያውቃሉ፣ እሷ ብቻ አታውቅም። እኔ እግራቸውን እያየሁ፣ ለምን አንዳቸውም ጫማቸውን በደንብ አላወለቁም እያልኩ አስብ ነበር። ከዚያ «እናትሽ ጡቷ በእርጎ ድኖላት ነበር፣ ወባ ነው የወሰዳት» አሏት። ያንን ያሉት አንቺ በላክሽላቸው ቃል ነው። እማዬ ፊቷን እየቧጨረች እንኳ «እሰይ፣ ከዚያስ ድናልኝ ነበር» ትል ነበር። በዚያ ነው የተጽናናችው። ይኸው አሁንም በዚያው እየተጽናናች ትሞትብኛለች።

ባለፈው ሰኞ ከባቲ ደውለሽ «እናታችንን ያኖረ አንቺንም ያኖርሻል» ስትያት አጠገቧ ነበርኩ። ትራሱን ነከስኩ። በአፍሽ ማር እየቀባሽ እህትሽን ታርጃለሽ ልልሽ ነበር፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ቀረብኝ። እነሆ ጻፍኩት።

ለእማዬ ነግሬአታለሁ። «አያቴ ያ ነገር ነው የገደላት» አልኳት። በጥፊ መታችኝ። መትታኝ አታውቅም። «የእናቴን ሞት አንቺ ነሽ የምታውቂው? ስትሞት አብሯት የነበረው ማን ነው? ሉጥፊያ በአፏ ካልነገረችኝ ነቢይ ቢነግረኝ አላምንም!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው አስተግፊሩላህ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

እብጠቱ ወደ ብብቷ ሄዷል። ቆዳው ቀልቷል። ልብሷን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ሽታውን አውቀዋለሁ። «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስላት «ቅሉ ነው» ትለኛለች። ቅሉ አይደለም።

ዶክቶራዋ ተለምና ሌላ ቀን ሰጥታናለች፤ መጋቢት 11። ይህ ካለፈ መድኃኒቱ ያለው ጥቅም እየቀነሰ ይሄዳል ብላኛለች። ያንን ስትል ዓይኔን አይታኝ ነው።

አማና ትያለሽ። ለሞተችው አማና ትጠብቂያለሽ፤ ያለችውን ማን ይጠብቃት? አያቴን አጠብሻት፣ ገነዝሻት፣ አለቀ፤ ከእንግዲህ ምንም አይነካትም። እማዬ ግን ነገ ጠዋት ተነስታ ያንን ቅል ወደ አፏ ታደርጋለች። እውነቱን ጻፊላት። እኔ አነብላታለሁ። ካልጻፍሽ ለሷ ገመድ ፈትለሽ የላክሽላት አንቺ ነሽ፤ የቂያማ ለትም እመሰክርብሻለሁ። ያን ቀን አላፍርም።

ሬሕማ


ባቲ አጠገብ
የካቲት 25 ቀን 2015

ሬሕማ፣

አንቺ አልሽኝ። ይሁን። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ከልጆቼ ጋር መብላት አቃተኝ። ተናድጄ ነው፤ ጸጸት እንዳይመስልሽ። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ የቂያማን ፍርድ ስትፈርድብኝ!

ሼህ አብዱልወሃብ ዘንድ ሄድኩ። ያጠበች ሴት ያየችውን ትናገራለች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያየሽው ነውር ነው ወይስ በሽታ?» አሉኝ። በሽታ ነው አልኩ። «ነውር ይሸፈናል። ጉድጓድ ግን አይሸፈንም፤ ሌላው ይገባበታል» አሉኝ። ከቤታቸው ስወጣ መንገዱ ጠፋብኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ለዛሂራ አንብቢላት። አታሳጥሪው፣ አታለሰልሺው።

ዛሂራ እህቴ፣ እናታችን በወባ አልሞተችም። ያንቺው ነገር ነው የገደላት። እርጎው አላዳናትም። እርጎ ብቻ የጠጣችው ሌላ ነገር መዋጥ ስላቃታት ነበር። ጎረቤቱ ስትጠጣ እያየ «እርጎ አኖራት» አለ፤ እኔም ቃሉን ከአፋቸው ወስጄ ላንቺ ላክሁት። ሐኪም ዘንድ እንውሰድሽ ስንላት «ዛሂራ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብላ አስማለችን። ወይራውን ያበዛሁት ቅሉ እንዲጣፍጥ አይደለም፤ ቤቱ እንዳይሸት ነው።

ያጠብኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሴት እንዳትገባ በሩን ዘጋሁ። ግራ ጡቷ ያለበት ቦታ ሥጋ አልነበረም። ጥጥ ሞላሁበት፤ ጥጡ አልበቃ አለኝና ከትራሷ ቀድጄ ጨመርኩ። ከዚያ የመግነዣውን ሽቶ፣ ካፉሩን፣ ረጭቼ ገነዝኳት። በሩን ስከፍት «ፊቷ እንዴት ነው?» አሉኝ፤ «ያበራል» አልኳቸው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ይኸው ነገርኩሽ። አሁን ሂጂና ተወጊ።

እህትሽ ሉጥፊያ


ጀብራ
መጋቢት 16 ቀን 2015

አክስቴ ሉጥፊያ፣

«ምን አለች?» ብለሽ በሳሊህ በኩል ልከሽብኛል። እማዬ ስልክ ለምን እንደማታነሳልሽ ታውቂያለሽና አልጽፈውም።

አነበብኩላት። ቆሜ ነው ያነበብኩት። ድምፄ መጀመሪያ የእኔ አልመሰለኝም፤ ከግድግዳው ወዲያ ራዲዮኑ ሲጠፋ ሰማሁት፤ ጎረቤቶች እየሰሙኝ መሆኑን አወቅሁ፣ ግን አላቆምኩም። አላሳጠርኩም። ስጨርስ እማዬ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ጥጡ ያለበትን ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

«አሁንም።»

እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ተነስታ ቅሉን አወረደች። ውስጡ እርጎ ነበረበት። ወተት መሬት አይደፋም ብላ ስላሳደገችኝ ምን ታደርገው ይሆን ብዬ አየኋት። ሳህን ላይ ገልብጣ ለግቢው ድመቶች ሰጠችው። «እነሱ ቢያንስ አይጥ ይበላሉ» አለች፤ ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቅሉን በልብስ ሳሙና አጠበችው። ውስጡን በጠጠር እየናጠች፣ እያፈሰሰች፣ እንደገና አጠበችው። ጭሱ ሁሉ እየጠቆረ ወጣ። አጥባ ስትጨርስ ልብሷን ከወገቧ በላይ አወለቀች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። «እይ» አለችኝ። አየሁ። የምጽፈው ይህን ብቻ ነው።

በቀጠሮዋ ቀን እዚህ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ሄድን። ነጂው ልጅ ሲያዘገይ «ያላ! ሞቼ ነው የምታደርሰኝ?» እያለች ስትሰድበው ደረስን። ዶክቶራዋ «ዘግይታችኋል» አለች፤ «አልፏል» ግን አላለችም። መድኃኒቱ ቀይ ነው። ሲገባላት እጄን አልያዘችም፤ በሁለት እጇ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ያንቺን ስም ትጠራ ነበር። ዱዓ አይደለም። እርግማን ነው። እንደዚያ ሆና ነው ተቀምጣ የጨረሰችው፤ ያለ ቁጣዋ የምትጨርስ አይመስለኝም።

ስለ ምግቧ ለጠየቅሽኝ፣ የፈላ፣ የበሰለ ትበላለች። ዶክቶራዋ መድኃኒቱ ሲያበቃ ከሱቅ የሚገዛውን እርጎ ብትጠጣ ክፉ አይደለም ስትላት «የእርጎ ስም አትጥሪብኝ» አለቻት። ዶክቶራዋ ነገሩ ስላልገባት ሳቀች። ቅሉ ባዶውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚሸተው ሳሙና ነው።

እኔ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ገና ተናድጄብሻለሁ። ግን ትራሷን እንደቀደድሽ ከሰማሁ ወዲህ አንዳንዴ ንዴቴ መሐል ላይ ይቋረጥብኛል። ያንንም ማወቅ ካለብሽ ብዬ ነው።

እማዬ አሁን ፍራሹ ላይ ተኝታለች። ቀኑን ሙሉ ስታስታውክ ነበር። ምን እየጻፍሽ ነው አለችኝ፤ ስነግራት «የምልሽን እንዳለ ጻፊላት፣ አንድ ቃል እንዳታለሰልሺ» አለች። እንደነገረችኝ ይኸው፦

«ሉጥፊያ። እናቴን ሁለት ጊዜ ገደልሽብኝ፤ መጀመሪያ በወባ፣ አሁን በእውነት። ፀጉሬ ይረግፋል አሉኝ። ይርገፍ። መልሶ ሲበቅል ባቲ መጥቼ ደጅሽ ላይ እቆማለሁ፤ ያን ጊዜ ነው የምንነጋገረው። እስከዚያ አትደውይልኝ። እኔን ደግሞ አንቺ አታጥቢኝም። ሰምተሻል? ታላቄ ነሽ፤ ተራው ያንቺ ነው። አንቺን የማጥብሽ እኔ ነኝ።»

እንደተባልኩት ጻፍኩ።

ሬሕማ